ዝቅ ማለትና ዝቅ ማድረግ



በየዕለቱ ከምንናገራቸው ቃላት መካከል ቆም ብለን ያላሰብንበት አንድ አጭር ቃል አለ። ይኸውም «ታች» የሚለው ነው። ሁለት ፊደል ብቻ ነው። «ታች ሰፈር»፣ «ታች ወረደ»፣ «ስምህን ከታች ጻፍ» እንላለን፤ እኛ ጎጃሞች ደግሞ «ተታች» እንለዋለን። ይህ ቃል ስለ ቦታ ሲነገር ማንንም አይጎዳም። ይሁን እንጂ ሳናስተውለው ከቦታ ተነሥቶ ወደ ሰው ይሻገራል። ስለ ሰው መነገር ሲጀምርም መለኪያ ይሆናል፤ እገሌ ከእገሌ በታች ነው ማለት ይመጣል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰው ከሰው በታች ሊሆን ይችላልን? የሚችል ከሆነስ በምን?

ሀ. የቃሉ ትርጉም

ከቃሉ ሥር እንጀምር። «ታች» የመጣው ከግእዙ «ታሕት» ነው፤ «ላይ» ደግሞ ከ«ላዕል»። ከዚያው ከ«ታሕት» ሥር «ትሑት»ና «ትሕትና» የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያናችን ከሚመሰገኑት ምግባራት አንዱ የሆነው ትሕትና በቃሉ ሲፈታ «ታችነት» ማለት ነው። ይህ የእኛ ቋንቋ ብቻ አይደለም። በላቲን «ሁሙስ» ማለት አፈር ሲሆን፣ ከእርሱ «ሁሚሊስ» ማለትም ዝቅ ያለ የሚለው ቃል ተገኝቷል፤ እንግሊዞች ለትሑት ሰው የሚሉት «ሃምብል»ም የመጣው ከዚያ ነው። አባቶቻችንና የሮም ሰዎች ሳይመካከሩ በአንድ ሐሳብ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ዛሬ በአማርኛ «ታች»ና «በታች» በአራት ዓይነት መንገድ ይነገራሉ። አንደኛው ስለ ቦታ ነው፤ «ከተራራው በታች» እንዲሉ። ሁለተኛው ስለ ቁጥር ነው፤ «ከ18 ዓመት በታች» ስንል። ሦስተኛው ስለ ሥራ ኃላፊነት ነው፤ «የበላይ አካል»፣ «የበታች ሹም» እንደምንለው። አራተኛው ግን ስለ ሰው ዋጋ ነው። «እርሱ እኮ ከእኛ በታች ነው» ሲባል ስለ ቦታውም፣ ስለ ዕድሜውም፣ ስለ ሥልጣኑም አይደለም የሚነገረው፤ ስለ ሰውነቱ ነው። ሦስቱን ልንለካቸው እንችላለን። ተራራው በሜትር፣ ዕድሜው በዓመት፣ ኃላፊነቱ በሹመት ደብዳቤ ይታወቃል። አራተኛው ግን በምን ይለካል? ሚዛኑን የያዘው ማን ነው? ለዚህ መልስ የለንም። ሆኖም ከአራቱ ይልቅ በድፍረት የምንናገረው እርሱን ነው።

አማርኛ ራሱ ሲመረመር ታች ያለው ነገር ሁልጊዜ አነስተኛ ነው አይልም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ይላል። የማይታመን ፍቅር «ከአንገት በላይ» ይባላል፤ እውነተኛው ፍቅር ግን ከታች፣ ከልብና ከአንጀት ይወጣል። በጥልቀት ያልተጠና ትምህርት «ላይ ላዩን» የተጠና ነው። የጸና ነገር «ሥር የሰደደ» ነው። የአንድን ጉዳይ እውነት የፈለገ ሰው «ሥረ ነገሩን» ይጠይቃል። የዘመኑ ተማሪዎች የሆንን ልናስብበት ይገባል፤ ቋንቋችን ሐሰትን ከላይ፣ እውነትን ከታች አስቀምጦታል።

ከቤተ ክርስቲያናችን ትምህርትም ምሳሌ አለ። በመጻሕፍት ትርጓሜ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» የሚባሉ ሁለት ወገኖች መኖራቸውን ከመምህራን ሰምተናል፤ በአቋቋምም እንዲሁ ይባላል። እነዚህ ስሞች የመጡት በጎንደር ከነበሩት የመምህራን ቤቶች አቀማመጥ እንደሆነ ይነገራል፤ አንደኛው ከወደ ላይ፣ ሁለተኛው ከወደ ታች ስለነበረ ነው። የታች ቤቱን ትርጓሜ አቀኑ የሚባሉት የ18ኛው መቶ ዓመት ሊቅ መምህር ኤስድሮስ ናቸው። ዛሬ ታትመው በምናገኛቸው የአንድምታ መጻሕፍት በአብዛኛው የሚገኘው የታች ቤቱ ትርጓሜ ነው። «ታች ቤት» መባሉ ሊቃውንቱን አንዲት ጋት አላሳነሳቸውም። ደቀ መዝሙር ሊማር ሲመጣ የሚጠይቀው ቤቱ ከላይ ነው ወይስ ከታች ብሎ ሳይሆን መምህሩ ማን ናቸው ብሎ ነው።

ለ. ሐይቁና ወንዙ የሚያስተምሩን

እኛ የባሕር ዳር ልጆች ስለ ላይና ታች ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ታዲያ ጣና ላይ ነው ወይስ ታች? ግልገል ዓባይ ከሚመነጭበት ከሰከላ አንጻር ታች ነው፤ ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ከሚገናኝባት ከካርቱም አንጻር ግን እጅግ ላይ ነው። ውሃው ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል። ፏፏቴውን ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚደነቀው ውሃው ሲወርድ ባየ ጊዜ ነው፤ መውረዱ ክብሩን አልቀነሰበትም። እንግዲህ «ታች» ማለት ብቻውን የቆመ ቃል አይደለም። «ከምን በታች?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተለዋል። ሰውንም «የበታች» ስንል ይህን ጥያቄ ልንዘነጋው አይገባም። በገንዘብ ከአንተ በታች የሆነው ሰው በትዕግሥት ከአንተ በላይ ሊሆን ይችላል፤ በትምህርት ከአንቺ በታች የሆነችው ሴት በእጅ ጥበብ ታስንቅሽ ይሆናል።

ደግሞም ታች መሆንና ደካማ መሆን አንድ አይደሉም። ሱዳንና ግብፅ «የታችኛው ተፋሰስ አገሮች» ይባላሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለቱ ባደረጉት ስምምነት ግብፅ 55.5፣ ሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በዓመት ሲከፋፈሉ፣ ግብፅ ከሚደርሰው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የምታመነጨው የላይኛዋ ኢትዮጵያ በውሉ ውስጥ ምንም ድርሻ አልተሰጣትም ነበር። ኢትዮጵያ በዚሁ ወንዝ ላይ የሠራችው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በመልክዐ ምድር ላይ የሆነ በኃይል ታች፣ በመልክዐ ምድር ታች የሆነ በኃይል ላይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ሐይቁ ሌላም ነገር ያስተምረናል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወደ ጣና የሚገቡት ጣና ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ነው። ዝቅ ያለ ይቀበላል፤ ስለ ትሕትና ሲሰበክ ይህ ምሳሌ ደጋግሞ ይነገራል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የምሳሌውን ሁለተኛ ፊት ብዙ ጊዜ እንተወዋለን። ታች ያለ የሚቀበለው መልካሙን ብቻ አይደለም። ከላይ ያለው ማሳ ሲሸረሸር ደለሉ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከተማው የሚጥለው ቆሻሻም እንዲሁ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀው እምቦጭም በዚህ ዓይነት ውሃ የሚጠቀም አረም ነው። ሐይቁ «አልቀበልም» ማለት አይችልም። ታች ያለ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ከላይ ያለው ሲቆጣ ቁጣው፣ ሲሰስት ስስቱ፣ ሲሳሳት ስሕተቱ በእርሱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ስለ ታችነት ስንናገር ስለ ታችኛው ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን ስለ ላይኛው ኃላፊነትም መናገር አለብን።

ሐ. ሁለቱ ግሦች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአማርኛ «ዝቅ» በሚለው ቃል ላይ ሁለት ረዳት ግሦች ይገባሉ። አንደኛው «ዝቅ አለ» ነው፤ ሁለተኛው «ዝቅ አደረገ» ነው። ልዩነታቸው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት የምግባርና የኃጢአት ያህል ነው። «ዝቅ አለ» ስንል አድራጊውም ተቀባዩም አንድ ሰው ነው፤ ራሱ ወዶ ወረደ። «ዝቅ አደረገው» ስንል ግን አንዱ ሌላውን አወረደ። የመጀመሪያው ትሕትና ይባላል። ሁለተኛው ማዋረድ ነው።

በጸሎተ ሐሙስ በየቤተ ክርስቲያናችን የሚፈጸመውን ሕጽበተ እግር እናስታውስ። ጳጳሱ ወይም ካህኑ ታጥቆ፣ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበበት ዘመን ይህ የአገልጋይ ሥራ ነበር፤ በእኛም አገር የመንገደኛን እግር የሚያጥበው የቤቱ ታናሽ ወይም አሽከሩ ነበር። ጌታ ይህን ሲያደርግ ማንም አላስገደደውም፤ መምህርና ጌታ ሳለ ነው የወረደው። ሥራውን ታላቅ ያደረገው ይህ ነው። በሌላው ቀን ሁሉ ተገዶ እግር ሲያጥብ የኖረው አገልጋይ ግን ዝቅ አላለም፤ ዝቅ ተደረገ እንጂ። ሁለቱ አንድ ውሃና አንድ ሳሕን ይዘው ቢታዩም ሥራቸው አንድ አይደለም።

ይህን ልዩነት ስንዘነጋ ከባድ ስሕተት ላይ እንወድቃለን። ይኸውም ቀድሞ የተገፋውን ሰው «ትሑት ሁን» ብለን መምከር ነው። የቤት ሠራተኛዋ ደመወዟን ስትጠይቅ «ትሕትና የላትም» ይባላል። ተሸካሚው ዋጋ ሲከራከር «ጠገበ» ይባላል። መሬት ላይ ተቀምጦ ላለ ሰው «ዝቅ በል» ማለት ምን ማለት ነው? ከመሬት በታች የት ይውረድ? እኔ እንደሚመስለኝ ትሕትና ሰው ከራሱ ብቻ ሊጠይቀው የሚችል ነገር ነው። ከሌላው በጠየቅነው ጊዜ፣ ይልቁንም የእርሱ ትሕትና ለእኛ ጥቅም የሚሰጥ በሆነ ጊዜ፣ ስሙ ይለወጣል።

መ. በሐይቃችን ዳር ያሉ ወገኖች

ይህን ሁሉ በሩቅ አገር ምሳሌ ማሳየት ይቻል ነበር። ነገር ግን በደጃችን ያለውን ማለፍ ተገቢ አይደለም። በጣና ዳር፣ በዚችው በባሕር ዳር፣ ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩ ነገደ ወይጦ የሚባሉ ወገኖች አሉን። ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ከሣርና ከደንገል ልዩ ልዩ ዕቃ ይሠፋሉ፤ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ። በቀድሞው ዘመን ጉማሬ ያድኑና ሥጋውን ይበሉ ነበር። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ ግን ጠፍቶ የሚናገሩት አማርኛ ነው። እምነታቸው እስልምና ነው።

ታንኳ ቀላል ዕቃ አይደለም። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከውሃ አውጥተው በፀሐይ ያደርቁታል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በአዲስ ይተካል። የአሠራሩ ጥበብ በመጽሐፍ የተጻፈ ሳይሆን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። የደሴቶቹ ገዳማት፣ ዳጋ እስጢፋኖስም፣ ጣና ቂርቆስም፣ ክብራን ገብርኤልም፣ ናርጋ ሥላሴም ከየብስ ጋር ተገናኝተው የኖሩት በታንኳ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት ጊዜ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ሲሸሹ ሞተር ጀልባ አልነበረም። በዳጋ ገዳም ዐፅማቸው ያረፈው ነገሥታት፣ ከእነርሱም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲል የሚገኙበት፣ ወደዚያች ደሴት ያለ ታንኳ አልተሻገሩም። በዙፋን ላይ የነበሩትን ንጉሥ በመጨረሻው መንገዳቸው የተሸከማቸው ደንገል ነው።

ታዲያ እነዚህ ወገኖች እንዴት ኖሩ? ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው ማዕድ አልቆረሱም፤ ልጅ አልሰጧቸውም፤ ስማቸውን ስድብ አደረጉት። «ወይጦ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲጠራ ልጆቻቸው የሚሸማቀቁበት ጊዜ ስለነበረ ዛሬ ብዙዎቹ «ነገደ ወይጦ» መባልን ይመርጣሉ። ከተማችን በሰፋች ቁጥር ከሐይቁ ዳር ገፋ ገፋ ሲደረጉ፣ ደንገሉም እያነሰ ሲሄድ፣ ኑሯቸው የሐይቁ ሆኖ ሳለ ከሐይቁ ራቁ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፤ «እምነታቸው ሌላ ስለሆነ ነው እንጂ ስለናቅናቸው አይደለም»። ይህን ቃል በጥሞና እንመርምረው። እኛ ክርስቲያኖችና ሌሎች ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አንዳችን የሌላውን እርድ አንበላም። ሆኖም ቡና እንጠራራለን፤ በሐዘን እንደራረሳለን፤ በገበያ እንተማመናለን። የእርድ ሥርዐት መከባበርን አላጠፋም። በነገደ ወይጦ ላይ የደረሰው ግን ከእርድ ልዩነት ያለፈ ነው፤ ሌሎች ሙስሊሞችም ለረጅም ጊዜ ርቀዋቸው ነበርና። እንግዲህ ምክንያቱ እምነት ቢሆን ኖሮ ክርስቲያኑ በራቀ ጊዜ ሙስሊሙ በቀረበ ነበር። ሁለቱም ከራቁ ምክንያቱ ሌላ ነው። ምክንያቱ «ከእኛ በታች ናቸው» የሚለው ያ የማይለካው አራተኛው ትርጉም ነው።

ይህ ነገር በእነርሱ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው በእጃቸው ሥራ ተሰድበዋል። ማረሻውን የሠራው እጅ ተንቆ በማረሻው የታረሰው እህል ይበላል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። አዋጅ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጅ አፍን ሊዘጋ ይችላል፤ ማዕድ ግን አያስቆርስም። ያ የሕዝቡ የራሱ ሥራ ነው።

ሠ. የሚነሣ ጥያቄ

«ታዲያ ታላቅና ታናሽ፣ አዛዥና ታዛዥ አይኑር ማለት ነውን?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። አይደለም። አባትና ልጅ፣ መምህርና ደቀ መዝሙር፣ ቄስና ዲያቆን እያንዳንዳቸው ስፍራ አላቸው። ያለ ሥርዐት ቤትም፣ ማኅበርም፣ አገርም አይቆምም። የቆሎ ተማሪው በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ሲማር፣ በየደጁ እየዞረ ሲለምንም አልተዋረደም፤ የመረጠው መንገድ ነው፤ ነገም እርሱ በተራው መምህር ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የጤናማ ታችነት ምልክቶች እነዚህ ይመስሉኛል። ሰውየው የሚወጣበት በር ክፍት ነው፤ ዝቅ ያለው ለአንድ ሥራ እንጂ በሰውነቱ አይደለም፤ ከላይ ያለውም ስለ እርሱ ተጠያቂ ነው። እነዚህ ሦስቱ የሌሉበት ታችነት፣ ከልደት እስከ ሞት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርስ ታችነት፣ ሥርዐት ሳይሆን ግፍ ነው።

ረ. ምን እናድርግ?

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኛ ወጣቶች አዋጅ የማውጣት ሥልጣን የለንም። ነገር ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ። በመጀመሪያ ቃላችንን እንጠብቅ። የሰውን የትውልድ ወይም የሥራ ስም ለስድብና ለቀልድ አንጠቀምበት፤ በመካከላችን ሲባልም ዝም ብለን አንሳቅ። ሁለተኛ፣ ጫማችንን የሚጠርገውን ልጅ ዐይኑን አይተን ሰላም እንበለው፤ እግራችን ከእጁ በላይ መሆኑ እኛን ከእርሱ በላይ አያደርገንም። ሦስተኛ፣ በሐይቁ ዳር ከእጅ ባለሙያ ዕቃ ስንገዛ የድካሙን ዋጋ እንክፈል፤ ችግረኛ መሆኑን አይተን ዋጋ መስበር ጀግንነት አይደለም። አራተኛ፣ የነገደ ወይጦ ልጆች በትምህርት ቤታችን አብረውን ሲቀመጡ ከጎናቸው የሚቀመጥ አይጥፋ። ቡና ሲጠሩን እንሂድ፤ እኛም እንጥራቸው። ይህ ከእምነታችን ምንም አያጎድልም፤ ምናልባት በጸሎተ ሐሙስ የምናየውን ሥርዐት ትርጉም እንድናውቀው ያደርገን ይሆናል።

እንግሊዞች «ተረዳ» ለማለት «አንደርስታንድ» ይላሉ። ቃሉ ሲከፈል «ከሥር ቆመ» ማለት ይመስላል። የቋንቋ ሊቃውንት ግን በዚህ ቃል ውስጥ ያለው «አንደር» በጥንቱ ትርጉሙ «መካከል» ማለት ሳይሆን እንዳልቀረ ይገምታሉ። እንዲህ ከሆነ መረዳት ማለት ከሰው በላይ ሆኖ ማየት አይደለም፤ በመካከል መቆም ነው። ዝቅ ስንል ሰው እንዲያመሰግነን ሳይሆን ከወንድማችን ጋር በአንድ መሬት ላይ ለመቆም ይሁን። በአንድ መሬት ላይ የቆሙ ሰዎች መካከል ላይና ታች የለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።